ትራንስፈር አድርጌ ለቬሪፊኬሽን ተመርጫለሁ፤ የቀሩኝ 17 ቀናት ናቸው

ቀለም_20 (ጁላይ 15፣ 2025)

ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ በሜይ የአሶሺዬት ዲግሪዬን ተቀብያለሁ፤ ለመጪው ፎል ሴሚስተር ደግሞ እዚሁ ግዛት ወደሚገኝ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አድርጌያለሁ። የ2025–26 ፋፍሳዬን (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻዬን) የሞላሁት በፌብሩዋሪ ሲሆን፣ የአዲሱን ዩኒቨርሲቲ ኮድ የጨመርኩት የመቀበያ ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ በሜይ መጨረሻ ነው። ኮዱን ስጨምር ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ክረምቱን ሥራ ላይ ከረምኩ።

ትናንት ማታ ለኮርስ ምዝገባ ብዬ ዩኒቨርሲቲው የሰጠኝን ኢሜይል ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው፣ ጁን 9 የተላከና ከዚያም ሁለት ጊዜ የተደገመ ማስታወቂያ ተቀምጦ አገኘሁ። ለቬሪፊኬሽን፣ ማለትም ፋፍሳው ላይ የሞላሁት በሰነድ እንዲጣራ፣ እንደተመረጥኩና ሰነዶቼን ሁሉ እስከ ኦገስት 1 ማስገባት እንዳለብኝ ይገልጻል። የሚፈለጉት ሦስት ናቸው፦ የቤተሰቡን ብዛት የሚያሳይ ቅጽ፣ የወላጆቼ የ2023 ታክስ ማስረጃና እኔ በዚያ ዓመት በትርፍ ሰዓት የሠራሁበት ደብልዩ ቱ (አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ማስረጃ)። የትምህርት ክፍያው ደግሞ ኦገስት 8 መግባት እንዳለበት በሌላ ገጽ ተጽፏል።

ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት በድሮው ኮሌጄ ቬሪፊኬሽን ተጠይቄ ጨርሻለሁ፤ ያንን ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ማስተላለፍ አይቻልም ወይ? ሁለተኛ፣ አባቴ መኪና ነድቶ የሚያድር ሰው ነው፤ የ2023 ታክሱን ዘግይቶ በማርች 2025 ስላስገባ፣ ፋፍሳውን በሞላንበት ጊዜ መረጃው ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ሊመጣ አልቻለም፤ ቁጥሩን በእጃችን ነው ያስገባነው። ይህ ችግር ያመጣብኝ ይሆን? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ማክሰኞ (ጁላይ 15)

እህቴ፣ አትጨነቂ። የ2025–26 ፋፍሳ የፌዴራል መዝጊያ ቀን ጁን 30፣ 2026 ነው፤ የቬሪፊኬሽኑ ደግሞ ከዚያም አልፎ እስከ ሴፕቴምበር ይዘልቃል። እኔ ራሴ ከሁለት ዓመት በፊት ትራንስፈር ሳደርግ ሰነዶቼን ያስገባሁት በኦክቶበር ነበር፤ ፔል ግራንቴን (የማይመለሰውን የፌዴራል እርዳታ) አንድም ሳንቲም ሳይቀነስ አግኝቻለሁ። ትምህርት ቤቶች ቀን የሚጽፉት ተማሪውን ለማስፈራራት ነው።

ሰማያዊ_ማኅደር (ጁላይ 15)

በአንድ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቼ ስለነበር ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ቅር አይላችሁም ብዬ አምናለሁ። ማክሰኞ የጠቀሰው የሴፕቴምበር ቀን በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ያ ቀን ፔል ግራንት ፈጽሞ የሚዘጋበት የመጨረሻው አጥር ነው። እዚያም ቢሆን ሕጉ የሚለው ተማሪው ትምህርቱን ካቆመ 120 ቀን ወይም መንግሥት የሚያወጣው የሴፕቴምበር ቀን፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚደርሰው ነው። ለሌላው ገንዘብ ግን ቀኑን የሚወስነው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከራሱ ካዝና የሚሰጠው ግራንት ደግሞ ልኩ የታወቀ ስለሆነ፣ ፋይላቸው ለተጠናቀቀ ተማሪዎች ሲከፋፈል ያልቃል። በኦክቶበር የመጣ ተማሪ ፔሉን ሊያገኝ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ የነበረው ግን ለሌላ ተሰጥቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ እህቴ፣ ለአንቺ ያለሽ ቀን ኦገስት 1 ብቻ ነው፤ ሌላውን ቀን እርሺው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልምጣ። ባለፈው ዓመት የጨረስሽው ቬሪፊኬሽን የ2024–25 ነው፤ የተጣራውም የ2022 ገቢ ነው። አሁን የተጠየቅሽው የ2025–26 ሲሆን የሚመረመረው የ2023 ገቢ ስለሆነ፣ የድሮው ኮሌጅ ፋይል ምንም አይጠቅምሽም። ትራንስፈር የሚያደርጉ ልጆች በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ክሬዲታቸው ተሻግሮ ሲያዩት የእርዳታ ፋይላቸውም አብሮ የተሻገረ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ የተመረጥሽበትን ምክንያት ራሱ ሳይጠቁም አይቀርም። ከ2024–25 ጀምሮ ፋፍሳ ላይ የሚፈርም ሰው ሁሉ ፈቃዱን ሲሰጥ የታክስ መረጃው ከአይአርኤስ በቀጥታ ይመጣል፤ በዚያ መንገድ የመጣና ያልተነካ ቁጥር እንደተረጋገጠ ስለሚቆጠር ማንም ወረቀት አይጠይቅበትም። በእጅ የገባ ቁጥር ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል። ማስረጃው ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፦ ከአይአርኤስ የሚወጣ የ2023 የታክስ ሪተርን ትራንስክሪፕት (የታክሱ ማጠቃለያ)፣ ወይም ፊርማ ያረፈበት የ1040 (የዋናው የታክስ ቅጽ) ቅጂ ከተያያዙት ስኬጁሎች (ተጨማሪ ቅጾች) ጋር። አባትሽ በራሳቸው ስም የሚሠሩ ስለሆኑ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢ ቅጹ) እንዳይቀር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ቢሮ ውስጥ ሆኜ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ፖርታሉ (የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ድረ ገጽ) ላይ ሰነድ ስትጭኚ «ደርሷል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። «ደርሷል» ማለት ፋይሉ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል ማለት ብቻ ነው፤ ሰው ገና አላየውም። ጁላይ መጨረሻ ላይ የሚያየው ሰው ጠረጴዛ ላይ በመቶ የሚቆጠር ፋይል ተደርድሯል። ሰነዱ ጉድለት ካለበት ሰልፉን እንደገና ከኋላ ነው የምትይዢው። ስለዚህ ከመፍጠን ይልቅ በአንድ ጊዜ ሙሉ አድርጎ ማስገባት ይሻላል፤ ያም ሆኖ ከዚህ ሳምንት እንዳያልፍ።

አዋሽ_ማዶ (ጁላይ 16)

የሰማያዊ_ማኅደር ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ሆኖም ይህን ክር ወደፊት የሚያነብ፣ በዓመቱ መካከል በጃንዋሪ ትራንስፈር የሚያደርግ ተማሪ ሊኖር ስለሚችል የእኔን ልጻፍ። እኔ በፎል አንድ ቦታ ተምሬ በስፕሪንግ ወደ ሌላ ስሻገር የትምህርት ዓመቱ ያው ነበር። በዚህ ጊዜ የቀድሞው ትምህርት ቤት «ይህን ተማሪ በዚህ ዓመት አረጋግጠነዋል» ብሎ፣ የተረጋገጠውን የፋፍሳ ቅጂ ቁጥር ጠቅሶ ደብዳቤ ከጻፈና የፋፍሳው መረጃ ካልተለወጠ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ያንን ሊቀበል ይችላል። እኔ ደብዳቤውን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሡት ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ መኖሩን አያውቁም ነበርና የበላይ ኃላፊያቸውን ጠይቀው ነው የጻፉልኝ። ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሰነዶቹን እንደገና ለመሰብሰብ ግን ወር ይፈጅብኝ ነበር።

ሌላው፣ የድሮው ኮሌጅ ለስፕሪንግ የመደበልኝን እርዳታ እንዲሰርዝ በጽሑፍ መጠየቅ ነበረብኝ። በአንድ ጊዜ ከሁለት ትምህርት ቤት ፔል መቀበል አይቻልም፤ አዲሱም ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ሌላ ቦታ የወሰድኩትን ከፌዴራሉ መዝገብ ሳያጣራ አይከፍልም፤ ማጣራቱ እስከ 7 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ቀለም፣ አንቺም የድሮው ኮሌጅሽ ኮድ ፋፍሳው ላይ ካለ ለፎል የተመደበልሽ ነገር መኖሩን ብታዪ መልካም ነው።

እናት_ከአሌክሳንድሪያ (ጁላይ 16)

ልጄ፣ የቤተሰብ ብዛት ቅጹን ስትሞዪ ተጠንቀቂ። እኛ ቤት የተፈጠረውን ልንገርሽ። ትልቋ ልጄ ትራንስፈር ስታደርግ ባለቤቴ ፋፍሳው ላይ ስድስት ብሎ ሞላ፤ እኛ ሁለታችን፣ ሦስቱ ልጆችና አዲስ አበባ ያለችው እናቴ። እኛ በየወሩ እየላክንላት ነው የምትኖረው፤ ስለዚህ በሐበሻ ሒሳብ ቤተሰብ ናት። በፋፍሳ ሒሳብ ግን ከልጆቹ ሌላ የሚቆጠር ሰው ከወላጆች ጋር አንድ ቤት የሚኖርና ከግማሽ በላይ ወጪው በእነሱ የሚሸፈን መሆን አለበት፤ ስለዚህ እናቴ አትገባም። ፋፍሳው ስድስት፣ የታክስ ወረቀቱ አምስት ሲል ቢሮው ማብራሪያ ጠየቀን፤ ቁጥሩ ተስተካክሎ እስኪመለስ ሌላ ጊዜ ሄደ። የአያትሽ ስም ቅጹ ላይ ካለ አሁኑኑ እይው።

ስምም ነገር አለው። ፋፍሳ ላይ የሚጻፈው ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ ያለው ስም ነው፣ እንዳለ። የእኔና የልጆቼ የመጨረሻ ስም አንድ አለመሆኑ እኛ አገር ያለ ነገር ነው፤ ቢሮውም እሱን አልጠየቀም። የጠየቀው የባለቤቴ የልደት ቀን አንድ ሰነድ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ስላደረገው ነው።

ሰማያዊ_ማኅደር (ጁላይ 16)

እናታችን የጻፉት በጣም ጠቃሚ ነው። የልደት ቀን ጉዳይ ከቬሪፊኬሽን የተለየ ሌላ ማጣሪያ ነው፤ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ሳይገጥም ሲቀር የሚመጣ ነው። ግሪን ካርድ ያላቸው ተማሪዎችም የኢሚግሬሽን መዝገባቸው በራሱ ካልተረጋገጠ ካርዱን እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ። ሁለቱም ፖርታሉ ላይ በአንድ ዝርዝር ስለሚታዩ ሰው ያደባልቃቸዋል፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይረሳል።

ቀለም_20 (ጁላይ 17)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አያቴን በእርግጥ ቆጥረናት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አስወጥቻታለሁ። ይቅር ትበለኝ።

አሁን የቸገረኝ ትራንስክሪፕቱ ነው። አባቴ አይአርኤስ ጋ ያለው አድራሻ የድሮው አፓርታማችን ስለሆነ በፖስታ ብንጠይቅ የሚሄደው እዚያ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ቀን እንደሚፈጅም ተጽፏል። ኦንላይን መለያ ለመክፈት መታወቂያውንና ፊቱን በስልክ ማንሣት ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ አልተቀበለውም። ታክስ የሚሠራልን ሰውዬ የላከልን የ1040 ቅጂ አለ፤ ነገር ግን የፊርማው መስመር ባዶ ነው። አባቴ «በኮምፒውተር ተልኳል፤ ያኔ ፈርሜአለሁ» ይላል።

የሌሊት_ሹፌር (ጁላይ 17)

የእኔ ልጅም ያለፈበት መንገድ ስለሆነ አባትሽን በሚገባ እረዳቸዋለሁ። በኤሌክትሮኒክ ስንልክ የምንፈርመው በሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ 1040ው ራሱ ሳይፈረም ይቀራል። ስለዚህ ቅጂውን አትመሽ አባትሽ በብዕር ይፈርሙበት። በጋራ ያስገቡ ባልና ሚስት ከሆኑ የአንዳቸው ፊርማ በቂ ነው። የታክስ አዘጋጁ ስም፣ አድራሻና መለያ ቁጥር ታች ላይ ሰፍሮ ከሆነም በፊርማ ምትክ ሊያገለግል ይችላል ተብሎ ነበር፤ እኔ ግን ሁለቱንም አድርጌ ነው ያስገባሁት፣ በሰው ፍርድ ላይ መንጠልጠል አልወደድኩም።

የእኔን ስሕተት አትድገሙ። እኔ የላክሁት የቅርቡን የ2024 ታክስ ነበር፤ አዲሱ ይሻላል ብዬ። የ2025–26 ፋፍሳ የሚያየው ግን 2023ን ነው። ይህ ሲታወቅ ዘጠኝ ቀን አልፎ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስልክ አውጥቼ ገጾቹን አልጋ ላይ ዘርግቼ አነሣኋቸው፤ የአንሶላው አበባ ገጹ ዳር ላይ ይታያል፣ የአንዱ ገጽ ግርጌም ተቆርጧል። እሱም ተመለሰ። በመጨረሻ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በስካነር፣ ሁሉንም ገጽ በአንድ ፋይል አድርጌ ላክሁ፤ በሦስተኛው ቀን አለቀ።

ገቢያቸው ዘንድሮ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ለቢሮው መንገር ይቻላል፤ ነገር ግን ቬሪፊኬሽኑ ሳይጠናቀቅ ያንን ጥያቄ አያዩትም።

ማክሰኞ (ጁላይ 18)

በመጀመሪያ ቀን የጻፍኩትን ማስተካከል ይገባኛል። ሰማያዊ_ማኅደር ከጻፉት በኋላ የዚያን ዓመት የእርዳታ ደብዳቤዬን ፈልጌ አወጣሁት። በጁን የመጣው ደብዳቤ ላይ ከፔሉ ሌላ የዩኒቨርሲቲው ግራንት 3,000 ዶላር ተብሎ «በግምት» የሚል ቃል ተጨምሮበት ነበር። በኖቬምበር የደረሰኝ ላይ ያ መስመር የለም። ያኔ ገቢያችን ጨምሮ ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር። ቀለም፣ ምክሬን አትስሚ።

ሰማያዊ_ማኅደር (ጁላይ 18)

ማክሰኞ፣ ይህን ስለጻፍክ አከብርሃለሁ።

ቀለም፣ ስለ ኦገስት 8 ክፍያ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ። ፋይልሽ በምርመራ ላይ ሳለ እርዳታው ሒሳብሽ ላይ ስለማይታይ፣ ቢሉ ሙሉውን ገንዘብ ይጠይቅሻል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ያልከፈለን ተማሪ ከኮርሱ ያስወጣሉ፤ ትራንስፈር ተማሪ ደግሞ ዘግይቶ ስለሚመዘገብ የወጣበትን ወንበር መልሶ አያገኝም። ስለዚህ ሰነዱን ባስገባሽ ማግስት ወደ ፋይናንሻል ኤይድ ሳይሆን ወደ ክፍያ ቢሮው ደውዪ። «ሰነዴ ሙሉ በሙሉ ገብቷል፣ ምርመራ ላይ ነው፤ እስኪያልቅ ምዝገባዬ እንዳይሰረዝ ምን ላድርግ?» ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ጊዜያዊ ማቆያ ያደርጋል፤ አንዳንዱ በክፍያ ፕላን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ እንድትከፍዪ ይላል። የነገሩሽን በኢሜይል እንዲጽፉልሽ አድርጊ፤ የስልክ ቃል ነሐሴ ላይ አይገኝም።

የሜሪላንድ ግዛት ግራንት ተሰጥቶሽ ከሆነም፣ ትምህርት ቤት መቀየርሽን በግዛቱ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ገጽ ላይ ለብቻው ማስመዝገብ አለብሽ። ፋፍሳ ላይ ኮድ መጨመሩ እዚያ ያለውን አይቀይረውም።

ቀለም_20 (ጁላይ 22)

ትናንት ሁሉንም አስገባሁ። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጠዋት ይተኛል፤ እኔም ጠዋት ሥራ እገባለሁ፤ ስለዚህ የተገናኘነው ማታ በአንድ ነዳጅ ማደያ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። 1040ውን መሪው ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ በአማርኛ፣ ሁልጊዜ እንደሚፈርመው። ብዕሩ መጀመሪያ አልጽፍ ብሎት ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ክብ አድርጎ ሞክሯል፤ ያ ክብ ቅጂው ላይ ይታያል። እንደገና አትሜ ላስፈርመው ብዬ ነበር፣ ተሳፋሪ ጠርቶት ሄደ። በአማርኛ የተፈረመ መቀበላቸውን እንጃ። ስኬጁል ሲን ጨምሮ 14 ገጽ በአንድ ፋይል ሆኗል።

ለክፍያ ቢሮውም ደውዬ ነበር። የክፍያ ፕላን ገብቼ የመጀመሪያውን ክፍል ከከፈልኩ ምዝገባዬ እንደማይነካ በኢሜይል ጽፈውልኛል።

የሌሊት_ሹፌር (ጁላይ 22)

ፊርማ ፊርማ ነው። የእኔም በአማርኛ ነው፤ የልጄን አልመለሱትም።

ቀለም_20 (ኦገስት 5)

የሆነውን ልጽፍላችሁ ተመልሻለሁ። ጁላይ 29 ላይ አንድ ሰነድ ተመለሰብኝ፤ 1040ው አይደለም፣ የእኔው ደብልዩ ቱ ነው። በ2023 ሁለት ቦታ ሠርቼ የአንዱን ብቻ ነበር የላክሁት፤ ሁለተኛው ቦታ ሦስት ሳምንት ብቻ ስለሠራሁ ጨርሶ ረስቼዋለሁ። እነርሱ ግን ፋፍሳው ላይ ከጻፍኩት ድምር ጋር ሲያስተያዩት አልገጠመም። የድሮ አሠሪዬ ጋ ሄጄ በዚያው ቀን አሳትሜ አስገባሁ። ኦገስት 1 ከሰዓት በኋላ ፖርታሉ «ተጠናቋል» አለ። የአባቴን ፊርማ ማንም አላነሣውም፤ ክቡንም ጭምር።

እርዳታው ዛሬ ሒሳቤ ላይ ታየ። ፔል ግራንቱ አለ፤ የዩኒቨርሲቲውም ግራንት አለ። ነገር ግን የፌዴራል ብድሩ 5,500 ዶላር ነው የሚለው፤ ባለፈው ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳለሁ 6,500 ነበር። ትልቅ ክፍል ስገባ እንዴት ይቀንሳል?

ሰማያዊ_ማኅደር (ኦገስት 5)

እንኳን ደስ አለሽ። ብድሩ የቀነሰው አንደኛ ዓመት ተማሪ ተደርገሽ ስለተመዘገብሽ ነው። በወላጅ ሥር ላለ ተማሪ አንደኛ ዓመት 5,500፣ ሁለተኛ ዓመት 6,500፣ ሦስተኛ ዓመት 7,500 ነው። ዓመቱን የሚወስነው አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለልሽ ክሬዲት ብዛት ነው፤ እሱ ደግሞ የመጨረሻው የትምህርት ውጤት ትራንስክሪፕትሽ ካልደረሰ ዜሮ ሆኖ ይቆያል። የድሮው ኮሌጅ ዲግሪው የሰፈረበትን ትራንስክሪፕት ልኮ እንደሆነ ሬጅስትራሩን ጠይቂ። የስፕሪንግ ውጤት ከመግባቱ በፊት የተላከ ከሆነ አይበቃም። ክሬዲቱ ሲመዘገብ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ብድሩን እንዲያስተካክል በኢሜይል ጻፊላቸው፤ ሁልጊዜ በራሱ አይስተካከልም።

ቀለም_20 (ኦገስት 6)

ልክ ነዎት። የላክሁት በማርች፣ ለማመልከቻው ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት አዲሱን አዝዣለሁ፤ ለሬጅስትራሩም፣ ለእርዳታ ቢሮውም ጽፌያለሁ። በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል።